ኳስ ያልነካ እግር

የእግሬን ሕመም ብቻ ነጥዬ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለ ቅልጥሜ መጻፍ በጀመርኩ ቁጥር ታናሽ እህቴ አስካለ መሀል ገብታ ቁጭ ትላለች። ስለዚህ ሁለቱንም አብሬ እነግራችኋለሁ፤ አጥንቴ እንዴት እንደተሰነጠቀና በገዛ እህቴ እንዴት እንደቀናሁ። እየሮጣችሁ እግራችሁን የሚያማችሁ፣ የምትሮጥ ልጅ ያለቻችሁም፣ እኔ የሄድኩበትን ጠመዝማዛ መንገድ እንዳትሄዱት ብዬ ነው።

ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ነው። አባቴ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤታችን ውድድር ሁሉንም ጥዬ ስገባ ጋሼ ደምሴ አዩኝና ከረጅም ርቀት ሯጮቻቸው ጋር ቀላቀሉኝ። ጋሼ ደምሴ የአካባቢያችን የሩጫ አሠልጣኝ ናቸው። ለእኛ የማይሆኑልን ነገር የለም፤ በአንድ ነገር ግን ድርቅ ይላሉ። ሯጭ ኳስ አይነካም።

"ኳስ እግር ይሰብራል" ይሉን ነበር። "ኳስ የለመደ እግር ወዲህ ወዲያ ይላል እንጂ ዙር አይጨርስም። የእኔ ሯጭ ሜዳ ላይ ሲራገጥ ካየሁት በዚያው ይቅር።"

አባቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ እግሬ የቤተሰቡ ሀብት ሆነ። ቦይ እንዳልዘል፣ ከእኩዮቼ ጋር እንዳልላፋ፣ ሱዚ እንዳልጫወት ተከለከልኩ። ርቀው የሄዱትን በጎች የሚመልስ ሲጠፋ እንኳ "ሙሉ ትቀመጥ፣ እግሯን ድንጋይ ይመታዋል" ይላሉ፤ ሙሉ እኔ ነኝ። እኔም መጠበቄን ወደድኩት። ንጋት ላይ አባቴ በር ድረስ ወጥተው "በርቺ የእኔ አንበሳ" ይሉኛል፤ እኔ መንገዱን ይዤ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ ቀጥ ብዬ እመለሳለሁ። ስመለስ የጾም ቀን ካልሆነ እማዬ የቀቀለችው እንቁላል ይጠብቀኛል። በእኛ ቤት እንቁላል ገበያ ይወጣል እንጂ አይበላም፤ ያቺ አንዷ ግን "የሯጯ" ተብላ ትቀመጥ ነበር።

አስካለ የኳስ ሰው ነበረች። በአባቴ አሮጌ ካልሲ ውስጥ የበግ ጠጉር ጠቅጥቃ፣ በሲባጎ ሸብባ ኳሷን ራሷ ትሠራለች። ዝናብ ሲመታው ጠጉሩ ውሃ ይጠጣና እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ እሷ እሱኑ በቴስታ ትመታዋለች። ከወንዶቹ ጋር ትጋፋለች፣ ትወድቃለች፣ ተነሥታ ደግሞ ትገባለች። ማታ ጉልበቷ ተልጦ ስትመጣ እማዬ ልምጭ ይዛ በር ላይ ትጠብቃታለች።

"የሰው ልጅ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ የእኔዋ ጠጉሩን ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቃ ትራገጣለች!"

እኔ ያኔ ቀሚሴን ሳላቆሽሽ በአጠገባቸው አልፍ ነበር። አንድ ቀን በአስካለ ትቀኛለሽ ብሎ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር።

ሕመሙ የጀመረው በግራ ቅልጥሜ ላይ ነው፤ በአንድ ጣት የሚሸፈን ቦታ። ልምምድ ስጀምር ይወጋኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል። ስለተወኝ የዳነ መሰለኝ። ቀጥሎ ከሩጫ በኋላም ይቆይብኝ ጀመር፣ ከዚያም ቁጭ ባልኩበት፣ በመጨረሻ ብርድ ልብስ ሲያርፍበት ሁሉ። ከአስካለ ጋር የምንተኛው አንድ መደብ ላይ ነው፤ ሌሊት ስትገላበጥ እግሯ እንዳይነካኝ ወደ ግድግዳው ተጣብቄ አድራለሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ደብረ ብርሃን ላይ ውድድር ነበረ፤ ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ሴት ሯጮችን ሊመለምል ይመጣል ተብሏል። ክለብ መግባት ለእኛ ደሞዝ ነው፣ በቀን ሦስቴ ምግብ ነው፣ ሐኪም ነው። ለእኔ ደግሞ ከዚያም በላይ ነበር፤ ያ ሁሉ ጥበቃ፣ ያ ሁሉ እንቁላል በከንቱ እንዳልነበረ የማሳይበት።

እያነከስኩ መደበቅ ሲያቅተኝ እማዬ ወጌሻው ዘንድ ወሰደችኝ። አያ ሽፈራው የወለቀ ትከሻ እንደ ጨዋታ ሲመልሱ አይቻለሁና አመንኳቸው። እግሬን ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ጅማት ተላውሷል" አሉ። ከዚያ ለጋ ቅቤ ቀብተው በአውራ ጣታቸው ያንኑ የሚያመኝን ቦታ ያሹት ጀመር። ነጠላዬን ነከስኩ።

"ሯጭ አይደለሽም እንዴ? ቻይው እንጂ!"

"አያ፣ ነፍሴ ወጣች!"

"ነፍስ በቅልጥም አትወጣም። ቻይው።"

በመቃ አስረው ሰደዱኝ። በማግስቱ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። አሁን ሳስበው በተሰነጠቀ አጥንት ላይ ነው እንደዚያ የታሸሁት። እሳቸውን አልወቅስም፤ የሚያውቁትን ነው የሠሩት። እናንተ ግን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ ሕመም ካላችሁ አታሳሹት።

ቀጥሎ የሄድኩበት ጤና ጣቢያ ሪህ ነው አለኝ። ብርድ አገር ነው፣ ንጋት ላይ በውርጭ ትወጫለሽ፣ ምን ይገርማል ተባልኩ። በየወሩ የሚወጋ መርፌ ታዘዘልኝና ከመርፌው ስመለስ መቀመጥ የምችለው በአንድ ጎኔ ብቻ ነበር። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም።

ውድድሩ ሲቃረብ ጋሼ ደምሴ ቤታችን መጡ። እግሬን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከውጭ ድም ድም የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አስካለ ኳሷን ከበረቱ ግድግዳ ጋር እያጋጨች ነው። ጋሼ ደምሴ ጆሯቸውን አቀኑ።

"ያቺስ?"

"እሷ እኮ ሩጫ አታውቅም" አልኳቸው፣ ማንም ሳይቀድመኝ።

"ቡድናችን አንድ ሴት ጎድሎታል። ቁጥር እንድትሞላ ብቻ ነው። ብትጨርስም ባትጨርስም ግድ የለም።"

አስካለ ላቧን እየጠረገች ገባች። ነገሩ ሲነገራት ዓይኗ ወደ እግሬ ሳይሆን መደቡ ሥር ወዳለው የሩጫ ጫማዬ ሄደ።

"ሙልዬ፣ ጫማሽን ለአንድ ቀን ታውሺኛለሽ?"

"እግርሽ ትልቅ ነው፣ ያሰፋብኛል።"

"ጣቶቼን ሰብስቤ እሮጥበታለሁ።"

"ስጫት እንጂ!" አለች እማዬ። "ተኝተሽ ምን ታደርጊበታለሽ?"

ያቺ "ተኝተሽ" ያለቻት ቃል ከአያ ሽፈራው አውራ ጣት ይበልጥ አመመችኝ።

ደብረ ብርሃን የሄድነው በአንድ አውቶቡስ ነው፤ እሷ ለውድድር፣ እኔ ከአባቴ ጋር ለራጅ። አስካለ ጫማዬን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ሙሉ ከልጃገረዶቹ ጋር ስትዘፍን ሄደች። እኔ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ካርድ አውጥቼ ወረፋ ያዝኩ። አግዳሚው ሞልቶ ነበር፤ ከራቤል የመጡ አንዲት እናት ገፋ ብለው ቦታ ሰጡኝና ከመቀነታቸው የገብስ ቆሎ ፈትተው በእፍኜ አደረጉልኝ። ራጁን ተነሥቼ ውጤት ስጠብቅ የአባቴ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ አዳራሹን ሞላው።

"ሦስተኛ! አስካለ ሦስተኛ ወጣች! የክለቡ ሰውዬ ስሟን ጠየቀኝ! ተፈጥሮ ነው እኮ፣ ተፈጥሮ!"

አባቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኚያ እናት ጉልበቴን መታ አድርገው "እህትሽ ናት? እንኳን ደስ ያለሽ የእኔ ልጅ!" አሉኝ። "አዎ፣ እህቴ ናት" አልኩ። ቆሎው አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነ። በእኔ ጫማ፣ በእኔ ውድድር፣ ያለ አንድ ቀን ልምምድ! "ኳስ የለመደ እግር ዙር አይጨርስም" ያሉት ሰው ናቸው ደግሞ እንዲህ የሚጮሁት።

በዚያው ሰዓት ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። አጥንቱ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም አለኝ። እንደመጠራጠር ብሎ አየኝና "ጭንቀት ይሆናል፤ ውድድር ሲደርስ እንዲህ የሚሆኑ አሉ" አለ። ስወጣ አስካለ ከውድድሩ በቀጥታ መጥታ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማለች፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቀችም።

"ምን አሉሽ?"

"ምንም የለብሽም አሉኝ።"

"ተመስገን!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ላቧ ፊቴን ነካኝ። ያን ላብ እንዴት እንደቀናሁበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ከፋብኝ። የክለቡ ሰው አስካለን "ልምምድ ጀምሪ፣ በሚመጣው ውድድር ደግሞ እናይሻለን" ብሏታል። ስለዚህ ንጋት ላይ የምትወጣው እሷ ሆነች፣ ጫማዬም ከእሷ ጋር። አንድ ጠዋት እማዬ እንቁላሉን ልጣ አስካለ ፊት አስቀመጠችው። ክፋት አስባ አይደለም፤ "የሯጯ" ነው፣ የምትሮጠው ደግሞ እሷ ናት። አስካለ እንቁላሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው።

"አልራበኝም" አልኩ። ርቦኝ ነበር።

እማዬ በበኩሏ "ዓይን በልቷት ነው እንጂ ሐኪም ያጣው በሽታ ምን ይሆናል" እያለች ጸበል አስጀመረችኝ። ሠፈሩ ሁሉ ሯጭነቴን ያውቃልና ዓይኑን የሚጥልብኝ አይጠፋም አለች። እኔ ደግሞ በልቤ ዓይኑን ስፈልግ አስካለ ላይ ደረስኩ። ልብሴን ተሸክማ፣ ክንዴን ደግፋ ጸበል የምታወርደኝ እሷው ናት፤ እኔ በጎን ዓይኖቿን እመረምራለሁ። የእንቅልፍ ዕጦት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረባቸውም። ውሃው በረዶ ነው፤ እግሬን ሲያደነዝዘው የዳንኩ ይመስለኛል፣ ፀሐይ ሲመታኝ ሕመሙ ይመለሳል። ጸበሉ ልቤን አሳርፎልኛል፣ አልክድም። ሐኪሙን እንዳልተው የመከሩኝም የንስሐ አባታችን ናቸው። "ልጄ፣ ጸበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው። አንዱን ይዘሽ አንዱን አትጣዪ" አሉኝ።

አባቴ ለፋሲካ ያሰቡትን ሙክትና ሌሎችም በጎች ሸጠው አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ላኩኝ። እማዬ ለበጎቹ አለቀሰች፤ አባቴ በዚያ ተቀይመው ለብዙ ቀን አላናገሯትም።

አዲስ አበባ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ተራ ስጠብቅ ከሁሉ የፈራሁት "ምንም የለብሽም" መባሉን ነበር። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ሳቂታ። እግሬን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች መጥታ ያቺን ነጥብ ስታገኛት ጮህኩ። ኤም አር አይ የሚባለውን ምርመራ አዘዘችልኝ፤ እንደ በርሜል ያለ ነገር ውስጥ ተኝተሽ የሚንኳኳ ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ አትንቀሳቀሺ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ወደ ጠረጴዛዋ ጠራችኝና በእርሳሷ ጫፍ አንዲት ቀጭን መስመር አሳየችኝ።

"አጥንትሽ ተሰንጥቋል። የወደቀ ሰው ስብራት አይደለም፤ ከድካም ብዛት የሚመጣ ነው። ገና ሲጀምር ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፣ የመጀመሪያው ሐኪም ያላየው ለዚያ ነው።"

አለቀስኩ፤ ከደስታም ነው። እውነተኛ በሽታ ነበረኝ!

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ስንት ጊዜ ትሮጫለሽ፣ ምን ላይ ትሮጫለሽ፣ ምን ትበያለሽ። የወር አበባሽስ አለችኝ። ከቀረ መቆየቱን ነገርኳት፤ ሯጭ ሲኮን እንዲያ የሚሆን መስሎኝ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ፈገግታዋ ጠፋ።

"አልተገላገልሽም። ሰውነትሽ የምትሮጪበትን ያህል ምግብ አላገኘም። ሲያጣ መቆጠብ ጀመረ፣ አጥንትሽንም አብሮ ቆጠበብሽ።" ቀና አለች። "ልጅ ሆነሽ ኳስ ትጫወቺ ነበር?"

"በፍጹም!" በኩራት ነው ያልኳት። "ነክቼ አላውቅም።"

"ገመድ ዝላይስ? ሱዚ? አባሮሽ?"

"እግሬ እንዳይጎዳ ተብሎ ተከልክዬ ነው ያደግሁት።"

እርሳሷን አስቀመጠች። "አየሽ፣ አንዱ ጉድለትሽ እሱ ነው። አጥንት የሚጠነክረው በሚያርፍበት ጫና ነው፣ በተለይ በልጅነት። ኳስ የሚጫወት ልጅ ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ይዞራል፣ ይዘላል፣ ይገፋል፤ አጥንቱ በየአቅጣጫው እየተመታ ይደነድናል። ቀጥ ያለ ሩጫ ግን አንድ ዓይነት ምት ነው፣ አንዱኑ ቦታ ደጋግሞ። ልጅ ሆነው ኳስ የተጫወቱ ሯጮች እንዲህ ያለው ስብራት ብዙም አያገኛቸውም።"

"እህቴ ኳስ ተጫዋች ናት" አልኳት። "ያለ ምንም ልምምድ ሮጣ ሦስተኛ ወጣች።"

"ያለ ምንም ልምምድ?" ሳቀች። "ከልጅነቷ ጀምሮ ፈትለክ እያለች፣ እያረፈች፣ ደግሞ ፈትለክ እያለች ያደገች ልጅ ልምምድ የላትም ትያለሽ? ሳንባዋንም እግሯንም እየተጫወተች ሠርታዋለች።"

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስንጥቁ አይደለም ያስለቀሰኝ። እስካሁን የቀናሁት በሦስተኛነቷ፣ በጫማዬ፣ በእንቁላሉ ነበር። አሁን በልጅነቷ ቀናሁ። እኔ ተሰብስቤ በምቀመጥበት ሰዓት እሷ ጭቃ ላይ እየወደቀች፣ እየተገፋች፣ በዚያ ውሃ በጠጣ ጠጉር እየተመታች አጥንት ስታበጅ ነበር ለካ። እማዬ የመታቻት ልምጭ ሳይቀር አስቀናኝ።

በክራንች ወደ ቤት ተመለስኩ። ሩጫ ተከለከለ፤ ምግብ ታዘዘ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ከቀድሞው ሁሉ ጨምሮ። ጾም እስከሚፈታ ልቆይ ስል የንስሐ አባታችን እማዬን አስቀምጠው መከሯት፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ራሱ ይፈቅዳል ብለው ፈቱኝ። እማዬ ሰው እንዳያይ በሩን ዘግታ ወተት ታፈላልኛለች። ከጊዜ በኋላ የወር አበባዬ ተመለሰ፣ ያቺ ነጥብም ስትጫን ዝም አለች። ዶክተሯ ለክትትል ስመላለስ መጀመሪያ እርምጃ ፈቀደችልኝ፣ ቀጥሎ ትንሽ ትንሽ ዝላይ፣ ከዚያ "አሁን ኳስ ያዢ" አለችኝ። የልጅነቱን ያህል ባይሆንም መዞርና መቆም እግርሽን ያጠነክረዋል አለች። "የሚያስተምርሽ አለ?"

አለ እንጂ። ማን መሰላችሁ።

ሜዳው ላይ የቆምኩበት የመጀመሪያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አስካለ ኳሷን ታንከባልልልኛለች፣ እኔ እሮጣለሁ፤ ኳሱ ይዞራል፣ እኔ ቀጥ ብዬ አልፋለሁ። ዳር የቆሙት ይንከተከታሉ።

"ሙልዬ፣ ኳሱ እኮ ወዲህ ነው! አንቺ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ልትገቢ ነው እንዴ?" አለች አስካለ።

"አትሳቂ!"

"አልሳቅኩም።" እየሳቀች ነው። "ጉልበትሽን እጠፊው። እንደ ምሰሶ አትቁሚ እቴ።"

አብዶ እየሠራች በግራዬ ታልፋለች፣ በቀኜ ታልፋለች፣ በእግሮቼ መሀል ታሳልፋለች። አንድ ቀን ተናድጄ ኳሱን ወዲያ ጠለዝኩትና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"አንቺ ተጫውተሽ አደግሽ፣ እኔ ተጠብቄ ተሰበርኩ! ሁሉም ላንቺ ሆነ!"

አስካለ ኳሱን አምጥታ ከእግሯ ሥር አቆመችው። ስቃ የምታልፈው መስሎኝ ነበር።

"ሁሉም ለእኔ?" አለች። "አንቺ ስትወጪ አባባ በር ድረስ ይሸኙሽ ነበር። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ እሰማቸዋለሁ፤ በርቺ የእኔ አንበሳ። እኔ ስገባ በር ላይ የምትጠብቀኝ እማዬ ናት፣ ልምጯን ይዛ። ሙልዬ፣ እኔን አንድ ቀን በርቺ ያለኝ ሰው አለ? አሁንም እኮ የሚሸኙኝ ያንቺን ጫማ ስላደረግሁ ነው።"

ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ "ቅናቴንም ልትወስድብኝ ነው" የሚል ነበር። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት እንቁላሉን ገምሳ ስትገፋልኝ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ለሁለት ሆነ።

ጋሼ ደምሴ ኳስ ስነዳ ያዩኝ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ። ዶክተሯ ያለችኝን ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "እኔም እንዲያ ተብዬ ነው የተማርኩት" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምዱ ሲያልቅ ለሴቶቹ ኳስ ይጥሉልናል፤ ራሳቸው ዳኛ ሆነው ሪጎሬ ሲሰጡ ማንም አይከራከራቸውም።

መሮጥ ተፈቀደልኝ፣ ቀስ በቀስ። ክለቡ የሚመጣበት ውድድርም ደረሰ፤ አገር አቋራጭ ነው፣ ደብረ ብርሃን። ዋዜማው ላይ አስካለ ጫማዬን አጥባ፣ አድርቃ ፊቴ አስቀመጠችው።

"ያንቺ ነው። እኔ ሸራ ጫማዬን አደርጋለሁ።"

ደግ እህት ብሆን ኖሮ አንቺው ሩጭበት እላት ነበር። ወሰድኩት። ሳደርገው ግን እንደፈራሁት ሰፍቷል፤ ጣቶቼ ውስጡ ዋኙ። አስካለ ምንም ሳትናገር ኳሷን አንሥታ ሲባጎውን ፈታች፣ ከሆዱ ጠጉር መዘዝ አድርጋ የጫማውን ጫፍ ጠቀጠቀችልኝ። ልክ መጣ።

ጠዋት አባቴ ሁለታችንንም ተሰላፊዎቹ ዘንድ አደረሱን። "በርቱ አንበሶቼ" አሉ። አስካለ ዞራ አየችኝ፤ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች።

እስከ ሩጫው አጋማሽ ድረስ አብረን ነበርን። ሜዳው ይጠማዘዛል፣ ቦይ አለው፤ ቦዩን እኔ ዘለልኩት! ከእሷ እኩል ዘልዬ ከእሷ እኩል አረፍኩ። ከዚያ በኋላ ያቺ ፈትለኳ መጣች። በሸራ ጫማ፣ በጭቃ ላይ፣ ጀርባዋ እየራቀኝ ሄደ። እሷ ከፊተኞቹ ጋር ገባች፣ እኔ ከብዙ ሰው በኋላ። የክለቡ ሰው የእሷን ስም ጻፈ፤ እኔን "ገና ከሕመም ነው የተነሣሽው፣ በርቺ፣ እናይሻለን" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማጠብቅ መስዬ ቅልጥሜን በጣቴ ጫንኩት። አጥብቄ ጫንኩት። ምንም።

አስካለ አዲስ አበባ ክለብ ገባች። የሄደች ቀን ኳሷን መደቡ ላይ ትታልኝ ነው የሄደችው፣ ሆዱ እንደጎደለ። መደቡ አሁን የእኔ ብቻ ነው፤ እንደልቤ እገላበጣለሁ።

ጠዋት እማዬ እንቁላሉን ልጣ ፊቴ ታስቀምጣለች። እጄ ለምዶ ለሁለት ይገምሰዋል። ግማሹን እበላና ሌላውን ግማሽ ወዴት እንደምገፋው ጠፍቶኝ አየዋለሁ፣ አንዳንዴ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ወዲያው ደግሞ አስካለ ክለብ ቤት ስንት እንቁላል እየበላች እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ቅናቴ እንዳለ ይመለሳል። ያችኑ ግማሽ አንሥቼ እጎርሳታለሁ፣ ጫማዬን አጠብቃለሁ፣ ኳሱን ይዤ እወጣለሁ።